የ18,000 ዶላር ስኮላርሺፕና የደብረ ማርቆሱ ቤት

ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር

ጤና ይስጥልኝ፣ የጎጃም ልጆች በያላችሁበት። ደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ውጭ አገር ኖራችሁ ያያችሁትን እንድትመክሩኝ ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ልጄ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እኛ አካባቢ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ነው የከረመው። መብራት ሲሄድ በኩራዝ እያነበበች ለዚህ የበቃች ልጅ ናት። አሁን አሜሪካ ከሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሷታል። በዓመት 18,000 ዶላር ስኮላርሺፕ እንደተሰጣት ይገልጻል። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎን ቡናችንን ጠጥቷል።

የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ግን የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 46,000 ዶላር መሆኑን ይናገራል። ጉዳዩን የያዘልን ሰው «ቀሪውን ለኮሌጅና ለግል ወጪ ከሚሰጡ ግራንቶች እናሟላለን» ብሎ (ግራንት የሚለው የማይመለስ ድጋፍን ነው) ለማመልከቻው 60,000 ብር ጠይቆናል። ለቪዛ የሚያስፈልገውን የባንክ ማስረጃም እርሱ ራሱ እንደሚያዘጋጅ ነግሮናል። እኔ ቤታችንን ሸጬ ልላካት እያልኩ ነው። እናቷ ደስ አላላትም። ሳታባብሉኝ እውነቱን ንገሩኝ።

ከሚኒሶታ፣ የጎዛምን ልጅ

ጋሼ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። በዚያ ዓመት፣ በዚያ አካባቢ ሆና ይህን ማምጣቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን አይቀንሰውም።

እዚህ በአንድ የሕዝብ ኮሌጅ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ስለዚህ ሳላባብል ልንገርዎት፦ ቤቱን አይሽጡ። 60,000 ብሩንም አይክፈሉ።

ምክንያቱን በሂሳቡ ልጀምር። የግል ኮሌጆች «ስኮላርሺፕ» ብለው የሚሰጡት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ዋጋ ላይ የሚያደርጉት ቅናሽ ነው። 18,000 ዶላሩ ወደ ልጅዎ እጅ አይገባም፤ ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። ከ46,000 ላይ 18,000 ሲነሳ 28,000 ዶላር ይቀራል። ይህ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፤ ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ 112,000 ዶላር ይሆናል፣ ዋጋው ደግሞ ባለበት አይቆምም። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብንመታው የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው፤ የዛሬው ምንዛሪ ከዚያ በላይ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የዚያን ጊዜ «እንደምንም እንችላለን» ያለ ወላጅ ዛሬ በዚያው ብር ግማሹን እንኳ አይከፍልም።

ኮሌጁ አይ ትዌንቲ የሚባለውን ቅጽ የሚሰጣት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ካሳየች በኋላ ነው። በእሱ ኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ትጠይቃለች። ቤቱ ተሽጦ የመጀመሪያው ዓመት ቢከፈል፣ ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ የሚሸጥ ቤት የለም። ሠርታ እንዳትሞላው፣ በዚህ ቪዛ ያለ ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ያውም ግቢው ውስጥ ብቻ ነው መሥራት የሚፈቀድለት። ይህ የኪስ ገንዘብና የመጽሐፍ ወጪ ይሸፍናል እንጂ 28,000 ዶላር አይሆንም። መክፈል ያቃታት ልጅ ምዝገባዋ ይቆማል፤ ምዝገባው ሲቆም ቪዛውም ይበላሻል። እንዲህ ሆነው መሀል ላይ የቀሩ ልጆችን አይቻለሁ። አገር ቤት ላለ አባት ደውለው አይናገሩም፤ ያፍራሉ። ትምህርቱን ትተው ያለ ፈቃድ ይሠራሉ፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ አባት ልጁ የተመረቀ ይመስለዋል።

አሁን ሰውየው ስላለው «ግራንት»። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠው ዋናው የማይመለስ ገንዘብ ፔል ግራንት ይባላል። ይህ ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ በስደተኝነት ለገቡና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው ነው። በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ልጅ አይሰጥም፤ የማመልከቻ ብልሃትም አይለውጠውም። ግራንትስ ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ለድርጅት፣ ለዩኒቨርሲቲና ለአካባቢ መስተዳድር ነው፤ ለአንድ ሰው የቤት ኪራይና የኮሌጅ ክፍያ አይሰጥም። ስለዚህ 60,000 ብሩ የሚከፈለው ለሌለ ነገር ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የባንክ ማስረጃው ነው። ሰው የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ የራሱ አስመስሎ ለቪዛ ካቀረበና ከተደረሰበት፣ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ማጭበርበር ይለዋል፤ ክልከላውም የዕድሜ ልክ ነው። ነገ በዲቪ፣ በጋብቻ፣ በሥራ ልምጣ ብትል ያ ወረቀት ይከተላታል። የሚጠየቀው ደላላው አይደለም፤ ፊርማው የእርሷ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጅዎ ራሷ ለኮሌጁ ትጻፍ። ቤተሰቧ በዓመት ሊከፍል የሚችለውን እውነተኛ መጠን ገልጻ ተጨማሪ ድጋፍ ካለ ትጠይቅ፤ ከሌለ መግቢያውን በአንድ ዓመት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ትጠይቅ። እምቢ ቢሉ የሚጎድልባት የለም። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ዙር ዋጋቸውን ሳይሆን የድጋፍ ደንባቸውን አይታ ታመልክት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን የውጭ አገር ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይመዝኑም፤ ከተቀበሉ ደግሞ የጎደለውን ሁሉ ይሞላሉ። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው፤ ያንን አልሸሽግም። ኬንታኪ የሚገኘው በርያ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በኮሌጁ ይሠራል። ለኛ ልጆች ጠባይ የሚስማማ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ። የማመልከቻ ክፍያ ለማይችል ተማሪ ብዙ ኮሌጆች በጥያቄ ያነሳሉ፤ አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ያለው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ ምክርም በነጻ ነው።

አሜሪካ ብቻ አይደለም አገር። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ ይከፈታል፤ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ማለት ነው። ማመልከቻው ነጻ ነው። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ወርሃዊ አበል፣ የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ትኬትና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት 70 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ለሕክምና 90 ይጠየቃል። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የተማሪዎች ፕሮግራም በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረ ሲሆን ጋና ያለው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ አንዱ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት የሚሰጠው ደግሞ ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

እስከዚያው እዚያው አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ገብታ ኮርስ ከወሰደች፣ አንዳንድ ኮሌጆች እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ያዩዋታል፤ ለተዛዋሪ የውጭ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ ይጠባል። ልታመለክት ያሰበችባቸውን ኮሌጆች በጽሑፍ ትጠይቅና ትወስን። እኔን ቢጠይቁኝ ያገኘችውን ቦታ ከእጇ ባትጥለው እመርጣለሁ፤ ጸጥታው በየጊዜው በሚለዋወጥበት አካባቢ ዓመት ዝም ብሎ የሚጣል ነገር አይደለም።

ከካልጋሪ

የጎዛምኑ ወንድሜ ያልከው ብዙው እውነት ነው። ግን ሁሉንም አማካሪ በአንድ ላይ ሌባ አታድርግ። ታናሽ ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ዛሬ ትምህርቱን የጨረሰው በአማካሪ ረዳትነት ነው። አገር ቤት ያለ ልጅ ኢንተርኔት ሲጠፋበት፣ እንግሊዝኛው ሲከብደው ማን ይርዳው?

ከሚኒሶታ፣ የጎዛምን ልጅ

እውነት ብለሃል፣ ወንድሜ። ሰነድ የሚተረጉም፣ ቅጽ የሚሞላ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ለድካሙ ቢከፈለው ተገቢ ነው። እኔ የምለየው በሁለት ነገር ነው። የሚሸጠው ጉልበቱን ነው ወይስ የሌላ ሰው ገንዘብን? «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ፣ ግራንት አወጣልሃለሁ» ያለ ሰው የእርሱ ያልሆነን ነገር እየሸጠ ነው። ሁለተኛው፣ ኢሜይሉ በማን እጅ ነው? ጋሼ፣ ይህን ዛሬ ማታ ልጅዎን ይጠይቁልኝ። ብዙ ጊዜ ደላላው በልጁ ስም ኢሜይል ይከፍትና የይለፍ ቃሉን እርሱ ይይዘዋል። ኮሌጁ የሚጽፈው ሁሉ ለእርሱ ይደርሳል፤ ቤተሰቡ የሚያየው እርሱ መርጦ ያተመውን ገጽ ነው። ነጻ ድጋፍ ተሰጥቶ ልጁ ሳያውቅ ቀኑ ያለፈበት ጉዳይ እጄ ላይ ደርሷል። ኢሜይሉ የእርሷ ካልሆነ ዛሬውኑ በራሷ ስልክ አዲስ ከፍታ ለኮሌጁ ታሳውቅ።

ከሜሪላንድ፣ የሞጣ ልጅ

እኔም ጥያቄዬን ልጨምር። በዲቪ ከመጣን ቆይተናል፣ ግሪን ካርድ አለን። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የበኩር ልጃችን በመጪው መስከረም ኮሌጅ ይገባል። ታክስ የሚሠራልን ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ለመሙላት 300 ዶላር አለን። ባሕር ዳር የጀመርነው ቤት አለ፤ ሞጣ ላሉት ወላጆቻችን ደግሞ በየወሩ እንልካለን። ይህ እንዴት ይታያል? ደግሞ በስልኬ «መንግሥት ለግል ወጪ 9,000 ዶላር ግራንት መድቦልሻል» የሚል መልእክት በየጊዜው ይመጣል። እውነት ይኖረው ይሆን?

ከሚኒሶታ፣ የጎዛምን ልጅ

እህቴ፣ ከመልእክቱ ልጀምር፤ ደምስሺው። መንግሥት ሳታመለክቺ ገንዘብ መድቦ በስልክ አይጽፍልሽም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ማጭበርበር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ የሚመጣው «ለማስለቀቂያ ክፈይ» ወይም «የባንክ ቁጥርሽን ስጪ» ነው። ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለምግብ በእውነት ከተቸገራችሁ 211 ደውይ፤ ጥሪው ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በአካባቢሽ ያለውን እርዳታ ይነግሩሻል።

ለእናንተ ትልቁ ገንዘብ ያለው ፋፍሳ ውስጥ ነው። ስሙ ራሱ «ፍሪ» ብሎ እንደሚጀምረው ነጻ ማመልከቻ ነው፤ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ይሞላል። 300 ዶላሩን ለልጁ መጽሐፍ አድርጊው። ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ላይ ነው፣ በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት፤ እንዲህ ብለሽ ከያዝሽው አይረሳሽም። ሜሪላንድ የራሷን የግዛት ድጋፍ፣ የሃዋርድ ፒ ሮሊንግስ ግራንቶችን ጨምሮ፣ በማርች 1 ቀነ ገደብ ነው የምታየው፤ ይህ በእኛ የካቲት 22 ነው። እስከዚያ ያልሞላ ልጅ የፌዴራሉን ቢያገኝም የግዛቱ ሊያመልጠው ይችላል።

ልጁም፣ ወላጅም በገጹ ላይ የየራሳቸውን መግቢያ (አካውንት) ይከፍታሉ። የገቢ መረጃው በፈቃዳችሁ በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል፤ የሚታየው ከሁለት ዓመት በፊት ያለው ገቢ ነው። ብዙ የኛ ሰው የሚሰናከለው በስም ነው። በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ሆኖ ተጽፎ፣ ትምህርት ቤት በአባት ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ፋፍሳ ላይ በካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። በትውልድ ቀን ላይም ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር የተሳሳተ ካለ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፤ አይመለስም። አሁን ስለ «ግል ወጪ» ያልሽው እዚህ ላይ ነው መልሱ ያለው። ልጁ በዝቅተኛ ዋጋ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ቢጀምር፣ ክፍያው ከተነሳ በኋላ ከድጋፉ የተረፈው ገንዘብ ለራሱ ይሰጠዋል። ኮሌጁ ወጪውን ሲያሰላ መጽሐፍን፣ መጓጓዣን፣ ምግብንና የግል ወጪን ጭምር ስለሚቆጥር ይህ ሕጋዊ ገንዘቡ ነው። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ መኪና ለተበላሸበት፣ ኪራይ ላቃተው ተማሪ የድንገተኛ ጊዜ ገንዘብና ምግብ በነጻ የሚታደልበት ክፍል አላቸው። ካልጠየቁ ማንም አይነግራቸውም። የኛ ልጆች ደግሞ በቤት ውስጥ «አትጠይቅ፣ አታስቸግር» ተብለው ስላደጉ ቢሮው በር ላይ ደርሰው ይመለሳሉ። ይህን ሳይ ያመኛል።

ስለ ባሕር ዳሩ ቤት፦ በታክሱ ላይ ያለው ገቢያችሁ ከ60,000 ዶላር በታች ሆኖ የታክስ ቅጻችሁ ቀላል ከሆነ ስለ ንብረት ጨርሶ አትጠየቁም። ግን ባለቤትሽ ኡበር ስለሚነዳ ሼጁል ሲ የሚባለውን የግል ሥራ ገቢ የታክስ ቅጽ ይሞላል፤ የዚያ ትርፍ ከ10,000 ዶላር ከበለጠ ጥያቄው ይመጣል። ከመጣ ቤቱ ይጻፍ፤ ዛሬ ሊሸጥ የሚችልበት ዋጋ ላይ ዕዳው ተቀንሶ። ውጭ አገር ያለ ቤት አይታይም የሚላችሁን አትስሙ። እዚህ የምትኖሩበት ቤት ግን አይቆጠርም።

ለሞጣ የምትልኩትን ፎርሙ አያውቀውም። ወላጆቻችሁ ኢትዮጵያ ስለሚኖሩ በታክሱም በቤተሰብ ቁጥሩም አይገቡም። ሆኖም የኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ የቤተሰብን ልዩ ሁኔታ የማየት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ባለቤትሽ ሥራ ከቀነሰ፣ ሕክምና ወጪ ካስወጣችሁ፣ ወይም ለአባትሽ ሕክምና የላካችሁበት ደረሰኝ ካለ በደብዳቤ አቅርቡ። መቀበል አለመቀበሉ የቢሮው ውሳኔ ነው፤ ሥራ መጥፋትንና የሕክምና ወጪን ከመደበኛ መላኪያ ይልቅ በቀላሉ ይቀበላሉ።

በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣ ከታች ያለውን ድምር አትመኑ። መስመር በመስመር አንብቡት። «ግራንት» እና «ስኮላርሺፕ» ያለው የማይመለስ ነው። «ወርክ ስተዲ» ያለው ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነው፤ ገና የለም። «ሎን» ያለው ብድር ነው። ከብድሩም ውስጥ «ሰብሲዳይዝድ» የተባለው በትምህርት ላይ እያለ ወለድ አይቆጥርበትም፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እስከ 3,500 ዶላር ነው። ሁሉም በአንድ ዓምድ ተደምሮ «ጠቅላላ ድጋፍ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወላጅም ብድሩን ስጦታ መስሎት ይፈርማል።

ከዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ 19 ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ብቻዬን መጥቼ አጎቴ ጋር እኖራለሁ። ወላጆቼ ሰከላ ገበሬዎች ናቸው። አጎቴ ደህና ገቢ ስላለው ድጋፍ አይሰጡህም አሉኝ። እውነት ነው?

ከሚኒሶታ፣ የጎዛምን ልጅ

አይዞህ፣ ወንድሜ፣ እውነት አይደለም። አጎት ወላጅ አይደለም፤ ገቢው በፋፍሳ አይጠየቅም፣ እርሱም አይፈርምም። ግን ከ24 ዓመት በታች ስለሆንክና ስላላገባህ፣ ብቻህን ብትኖርም እንደ ጥገኛ ተማሪ ትቆጠራለህ፤ ስለዚህ የሚጠየቁት ሰከላ ያሉት አባትና እናትህ ናቸው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም በፋፍሳው ገጽ መግቢያ (አካውንት) መክፈት ይችላል። ኢሜይል ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ያለ ዘመድ ቁጭ ብሎ ቢረዳቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ፈቃዱንና ፊርማውን የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው። የእርሻ ገቢያቸውን በግምት ሳይሆን የሸጡትን እህልና ከብት ጠይቀህ በዶላር ቀይር። ኔትወርክ ጠፍቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ልታገኛቸው ካልቻልክ ዝም አትበል፤ ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ ሁኔታውን ጽፈህ አስረዳ፣ በሌላ መንገድ የሚታይበት አሠራር አለ። ሌላም ልንገርህ፦ ኮሎራዶ ውስጥ የቆየህበት ጊዜ ከዓመት ካነሰ እንደ ነዋሪ ሳይሆን እንደ ሌላ ግዛት ሰው ልትከፍል ትችላለህ። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ኪራይ፣ መንጃ ፈቃድና የታክስ ወረቀት የመጣህበትን ቀን እንዲያሳዩ አስቀምጥ።

ከባሕር ዳር

ለሁለተኛ ዲግሪ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ክፍያው ሳያልቅ ዋናው ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም እንደ ልብ አይገኝም። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ኦገስት ይከፈታል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፎ ከመጨነቅ የወጪ መጋራት ክፍያውን አሁን ጨርሱት። ጀርመን ነጻ ነው ለሚሉም፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በአብዛኛው ነጻ ቢሆንም ለቪዛ በዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል።

ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልጄን ጠየቅኋት። ኢሜይሉን የከፈተው እርሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉን አታውቀውም። ዛሬ ጠዋት አዲስ ከፍታ ለኮሌጁ ጽፋለች። ለሰውየው ገንዘብ እንደማንከፍል ነግሬዋለሁ፤ ተቆጥቷል። የሰጠነውን የትምህርት ማስረጃ ዋናውን አልመለሰልንም። ልጄ ስትሰማ አለቀሰች፤ እናቷ ግን ከልቧ ተንፍሳለች። አሁን የምትጽፈው ደብዳቤ ምን ምን ይኑረው? በዓመት ከደመወዜም ከእናቷም ተጠራቅሞ ከ1,500 ዶላር በላይ አንችልም።

ከሚኒሶታ፣ የጎዛምን ልጅ

ጋሼ፣ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለመግቢያውና ለስኮላርሺፑ አመስግና ትጀምር። ቀጥሎ ቁጥሩን በግልጽ ታስቀምጥ፦ አባቷ መምህር፣ እናቷ ምን እንደሚሠሩ፣ የወር ደመወዛቸው በብርና በዶላር፣ ስንት ልጅ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ በዓመት መክፈል የሚችሉት 1,500 ዶላር መሆኑን። የደመወዝ ማረጋገጫዎን ከትምህርት ቤቱ አስጽፈው፣ አስተርጉመው ያያይዙ። ስለ ትምህርት ቤቱ መዘጋትና ስለ ኢንተርኔቱ ሁለት ሦስት መስመር በቂ ነው፤ የሆነውን ትጻፍ፣ አታጋን። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ፦ ለውጭ አገር ተማሪ ተጨማሪ የኮሌጁ ድጋፍ አለ ወይ፣ ከሌለ መግቢያዬን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻላል ወይ። ቀደም ሲል በሌላ ሰው ኢሜይል የተላከ ደብዳቤ ካለ እርሷ እንዳልጻፈችው በትሕትና ታሳውቃቸው፤ በተለይ የባንክ ማስረጃ ተልኮ እንደሆነ ቅጂውን ትጠይቃቸው።

ስለ ተያዘው ማስረጃ፣ ከ12ኛ ክፍል ፈተና ሰጪው አገልግሎት ቅጂ ማውጣት ስለሚቻል በዚያ ምክንያት ሰውየውን አይለማመጡት። እርስዎ መምህር ስለሆኑ አሠራሩን ለማግኘት አይቸገሩም።

ረቂቁን እርሷ በእንግሊዝኛዋ ትጻፈውና እዚህ ትለጥፈው። የካልጋሪው ወንድማችንም እኔም እናየዋለን፤ ቃሉን እናርማለን እንጂ አንጽፍላትም፣ ኮሌጁ መስማት ያለበት የእርሷን ድምፅ ነው። እሑድ ማታ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ነጻ ነኝ፤ ኔትወርኩ ካለ በስልክ እንነጋገራለን፣ ከሌለ እዚሁ እጽፍላታለሁ።